ኳስን እንደ አደራ የያዙ ሰው፤ ይድነቃቸው ተሰማ

በጾሙ ወር ከኢፍጣር በኋላ ሰው ሰብሰብ ሲል ጨዋታው ብዙ ነው። በእኛ አገር በሸኮም ሆነ በሚዛን ወይም በቴፒ፣ ወጣቶቻችን ከተራዊሕ ሲወጡ መጀመሪያ የሚጠያየቁት የኳስ ውጤት ነው። የእንግሊዙን ክለብ ተጫዋች ስም ከነአያቱ ያውቁታል፣ ከየት ወደ የት በስንት ሚሊዮን እንደተሸጠም ይቆጥሩልናል። በዚህ አንነቅፋቸውም፣ ልጅነት ጨዋታን ይወዳል። ነገር ግን ያ ሁሉ አፍሪካዊ ተጫዋች በዓለም ዋንጫ ሜዳ ላይ እንዲቆም በሩን ካስከፈቱት ሰዎች አንዱ የእኛው አገር ሰው እንደሆኑ፣ ያውም ከቡናው ምድር ከጅማ እንደተወለዱ ስንነግራቸው ይደነቃሉ። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ሕይወት ባጭሩ ልናወሳ ወደድን። ያለፉትን በመልካም ማንሳት የኋለኛው ትውልድ ዕዳ ነውና።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በዕለተ እንቁጣጣሽ በጅማ ነው። በዚያን ጊዜ የጅማ ገዥ አባ ጅፋር ነበሩ፤ ከተማዋም የነጋዴና የደረሳ መናኸሪያ፣ የቡናና የቅመማ ቅመም ገበያ ነበረች። ከእኛ ወገን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ ዛሬም በቦንጋ በኩል አልፎ ጅማን ሳይረግጥ አያልፍም። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው የመኪና ሙያ የተማሩ፣ እዚያው ሳሉ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ቀዳሚ የሆኑ፣ በሰምና ወርቅ ግጥማቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው በኋላ ዘመናቸው የአባታቸውን ቅኔ ከያለበት እየሰበሰቡ ማስቀመጣቸው፣ ከኳሱ ሌላ ለቃልም ታማኝ እንደነበሩ ያሳየናል።

ልጅነታቸው በአዲስ አበባ አለፈ፤ ትምህርታቸውንም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከታተሉ። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች በአራዳ ሰፈር የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን መሠረቱ። ይድነቃቸውም ገና በአፍላ ዕድሜያቸው ከዚህ ቡድን ጋር ተቆራኙ። ከሃያ ዓመት በላይም ሳይለዩት በአጥቂነት ተጫወቱለት። በአንድ ማሊያ ይህን ያህል ዘመን መቆየት ለዛሬው ወጣት ተረት ይመስለዋል።

ቡድኑ በተመሠረተ በወራት ውስጥ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። የዘር ሕጉም ተከትሎት መጣ። ነጭና ጥቁር በአንድ ምግብ ቤት እንዳይቀመጥ፣ በአንድ ሜዳም እንዳይጫወት ተከለከለ። ኢትዮጵያውያኑ ለብቻቸው ተከልለው፣ የራሳቸውን ስም እንኳ እንዳይዙ ተደርገው ይጫወቱ ነበር። ጊዮርጊስም ስሙ ተቀይሮ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። አስተውሉ፣ ይህ ወጣት የዘር መድሎን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሰፈሩ ሜዳ፣ በእግሩ ሥር ነው ያየው። በኋላ ዘመን በዓለም ሸንጎ ስለ ደቡብ አፍሪካ ሲናገሩ ከዚህ ግፍ ጋር ማደጋቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ነፃነት በተመለሰ ጊዜ የኢትዮጵያ ኳስ ገና እንግዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ፌዴሬሽኑ ሲቋቋም ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ፤ ዕድሜያቸው ገና ከሃያ ብዙም ያልዘለለ ነበር። በተከታዩ ዓመት በአዲስ አበባ በተደረገው የመጀመሪያ ሻምፒዮና የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ናቸው። የእንግሊዝ ጦር ልዑክ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ቅዱስ ጊዮርጊስ። ከአምስቱ የኢትዮጵያውያን የነበረው አንዱ ብቻ ነው። ዋንጫውንም የእንግሊዝ ጦር ወሰደው። ጊዮርጊስ ሻምፒዮን ለመሆን እስከ 1950 (እ.ኤ.አ.) መጠበቅ ነበረበት።

በዚያ ዘመን ይድነቃቸው ከሰዓት በኋላ ተጫዋች፣ ማታ ጸሐፊ ነበሩ ማለት ይቻላል። ሜዳ ላይ ግብ ያገባሉ፣ ከሜዳ ሲወጡ ደግሞ ደንብ ያረቃሉ፣ ቡድን ያደራጃሉ፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ለብሔራዊ ቡድኑም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ያ ቡድን የመጀመሪያ ይፋዊ ግጥሚያውን ያደረገው በ1940 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ፣ በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ሶማሊላንድ ትባል ከነበረችው ከዛሬዋ ጅቡቲ ጋር ሲሆን 5 ለ 0 አሸንፏል። ኳስ ያኔ እንጀራ አልነበረም። ተጫዋቹ ሌላ ሥራ ሠርቶ አዳሪ ነው፤ ከኳስ የሚያገኘው የሰፈሩን ፍቅር ብቻ ነበር።

በዚያው ዘመን ባሕር ማዶ ነገሩ ሌላ ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ ኳስን በደመወዝ የሚያጫውት ሊግ አቁማ ነበርና፣ ክለቦቿ በቅኝ የያዘቻቸውን አገሮች ልጆች ይፈልጉ ነበር። የካዛብላንካው ላርቢ ቤን ባረክ እ.ኤ.አ. በ1938 ወደ ማርሴይ ተሻገረ። ጥቁሩ ዕንቁ የሚል ስም አወጡለት፤ ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን 17 ጊዜ ተጫወተ፤ ወደ ስፔን ተሻግሮም ከአትሌቲኮ ማድሪድ ጋር ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በስተርጅና ግን ወደ ካዛብላንካ ተመልሶ፣ ያ ሁሉ ያጨበጨበለት ሕዝብ ረስቶት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ብቻውን አረፈ። እንደዚሁ የሴንት ኤትየኑ አልጄሪያዊ ራሺድ መኽሉፊ ዘመኑ ገና ሲያብብ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1958፣ የፈረንሳይን ክለብና የዓለም ዋንጫ ተስፋውን ትቶ ከጓደኞቹ ጋር ለአልጄሪያ ነፃነት ለሚጫወተው ቡድን ተሰለፈ። የአፍሪካ ልጅ ችሎታ የማን ነው? የሚለው ጥያቄ በእነዚህ ሰዎች ሕይወት ላይ ተጽፎ ነበር። ይድነቃቸውም ቀሪ ዘመናቸውን የሰጡት ለዚህ ጥያቄ ነው።

ወደ ኻርቱም እንሂድ። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ዛሬ ካፍ የምንለውን፣ መሠረቱ። ኢትዮጵያን ከወከሉት አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ። ግብፃዊው አብዱልዐዚዝ ሳሊምና ሱዳናዊው ዶክተር አብዱልሐሊም ሙሐመድ ከኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ጋር ወንድማማች ሆነው አንድ ቤት ሠሩ። ሃይማኖታቸው ሁለት፣ ቋንቋቸውም የተለያየ ነበር። ለጋራ ጉዳይ በአንድ ቃል ለመቆም ያ አልከለከላቸውም።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በዚያው ወር በኻርቱም ተደረገ። ደቡብ አፍሪካ ሁሉም ነጭ የሆነ ወይም ሁሉም ጥቁር የሆነ ቡድን ካልሆነ ተቀላቅሎ አይመጣም አለች። የቀሩት ሦስቱ ተቀላቅሎ ካልመጣ አትጫወቺም አሏት። የኢትዮጵያ ተጋጣሚ እርሷ ነበረችና አገራችን ኳስ ሳትነካ ለፍፃሜ አለፈች። በፍፃሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነው። በውጤት ካየነው ያ ውድድር ለኢትዮጵያ ሽንፈት ብቻ ነበር። በሚዛን ካየነው ግን ገና የተወለደው ማኅበር በመጀመሪያ ሥራው ሐቅን ከጨዋታ አስቀደመ። ዓለም ወደዚያ አቋም ለመድረስ ወደ ሃያ ዓመት ፈጅቶበታል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን የደስታ ቀን አባቶቻችን ሲያወሩት አድገናል። በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተዘጋጀ፤ ብሔራዊ ቡድኑን ይመሩ የነበሩት ይድነቃቸው ነበሩ። ቡድኑ በግማሽ ፍፃሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ካሸነፈ በኋላ ጥር 13 ቀን፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ለፍፃሜ ከግብፅ ጋር ተገናኘ። ግብፅ ቀድማ አገባች። ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ግብፅ እንደገና መራች። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቆጠሩ። ከአምስት ዓመት በፊት በኻርቱም አራት ግብ ያገባችብን አገር በአዲስ አበባ አራት ግብ ገባባት። ዋንጫውን ለአምበሉ የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ ዳግም አላነሳችም።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ክብር ረክቶ በተቀመጠ። ይድነቃቸው ግን ከዚያ ወዲያ ትልቁን ሥራ ጀመሩ። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ለ1966ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ 16 ቦታ ሲደለድል፣ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺንያ በሙሉ አንድ ቦታ ብቻ መደበ። የአፍሪካ አሸናፊ ከሌላው አህጉር አሸናፊ ጋር ደግሞ ሊጋጠም ነው። ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህ ስድብ ነው ብለው ተነሡ። የአፍሪካ ቡድኖችም ከማጣሪያው በአንድነት ወጡ። ለተጫዋቾቹ ከባድ ነበር፤ የጋናው ቡድን በዚያን ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን ስለነበር ዕድሉን በገዛ እጁ ተወ። ግን ትዕግሥቱ ፍሬ አፈራ፤ ከ1970 ጀምሮ አፍሪካ የራሷ ቦታ ተሰጣት፤ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚም ሞሮኮ ሆነች። ከ1982 ጀምሮም ቦታው ሁለት ሆነ። ዛሬ ወጣቶቻችን በቴሌቪዥን የሴኔጋልን ወይም የሞሮኮን ቡድን በዓለም ዋንጫ ሲያዩ፣ ያ ወንበር በልመና የተገኘ አለመሆኑን ይወቁ።

እ.ኤ.አ. በ1972 በያውንዴ በተደረገው ጉባኤ ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም 15 ዓመት መሩት። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1971 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነው ነበር። በእነዚህ ሁሉ ወንበሮች ላይ ሆነው አንዱን ጉዳይ አልተውትም፤ እርሱም የደቡብ አፍሪካ የዘር አገዛዝ ነው። የፊፋው ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ኳስን ከፖለቲካ እንለይ እያሉ ለዚያች አገር ሲከላከሉላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 በፍራንክፈርቱ ምርጫ የአፍሪካ ድምፅ ወደ ብራዚላዊው ዣዎ አቬላንዥ አደላ፤ ራውስም ወንበራቸውን ለቀቁ። በ1976 ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ አባረረ። በኻርቱም ጠረጴዛ ላይ በአራት አገሮች መካከል የተባለው ቃል የዓለም ሕግ ሆነ። ድሃ አገሮች ገንዘብ ባይኖራቸውም ድምፃቸውን ካላበተኑት ሚዛን እንደሚደፉ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። አቶ ይድነቃቸው በሕይወታቸው አጥብቀው ከተናገሩባቸው ነገሮች አንዱ የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለስ ነበር። አፍሪካ ምርጥ ልጆቿን እየላከች ከቀረች ለባለጸጎች ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ብቻ ሆና ትቀራለች፣ የራሷን ውድድርም ማሳደግ አትችልም የሚል ነበር ሐሳባቸው። ካፍም እ.ኤ.አ. በ1965 በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ቡድን በውጭ ከሚጫወቱ ልጆቹ ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ ደንብ አውጥቶ ነበር።

ይህን ነገር ከእኛ በላይ የሚረዳው ማን ነው? የሸኮና የቤንች ገበሬ እሸት ቡናውን ለቅሞ፣ አድርቆ ጀንፈሉን ለሰብሳቢ ያስረክባል። በበበቃም ሆነ በቴፒ እርሻ የሚለቀመው ቡና ጥሬውን ተጭኖ ይሄዳል። ባሕር ማዶ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በሚያምር ከረጢት ይታሸጋል። አንዱ ስኒ እዚያ የሚሸጥበት ዋጋ እዚህ ስንት ኪሎ ጀንፈል እንደሚገዛ ለቡና ሰው አይነገረውም። አቶ ይድነቃቸው፣ ከቡና ምድር የተወለዱት ሰው፣ ስለ ልጆቻችን እግር ያሉት ይህንኑ ነው። ጥሬውን እየሸጥን የተቆላውን አንግዛ ነው ነገሩ።

ነገር ግን ሐቅን እንናገር፤ በዚህ ጉዳይ ሌላም ወገን አለ። ደንቡ ከብዷቸው የነበሩ ተጫዋቾች አሉ። ድሃ ቤት የተወለደ ልጅ በእግሩ እናቱን ማኖር ከቻለ፣ ሂድ አትበል የሚለው ማን ነው? የአፍሪካ ዋንጫም ምርጥ ልጆቹን ከልክሎ ሙሉ ሊሆን አልቻለም። በ1982 ያ ገደብ ተነሣ። ዛሬ የአፍሪካ ብሔራዊ ቡድኖች አብዛኞቹ በውጭ በሚጫወቱ ልጆች የተሞሉ ናቸው፤ በዓለም ዋንጫ የደረሱበትም ደረጃ ያለ እነርሱ አይታሰብም። እኛ በበኩላችን ሁለቱን ስንመዝን ጥፋቱ ከመሄድ ላይ አናየውም። ሪዝቅን ፍለጋ መሰደድ የአባቶችም ታሪክ ነው። ጥፋቱ ልጁ የሚሄድበትን በር እየከፈትን የሚያድግበትን ሜዳ ስንዘጋ ነው። በደንቡ ዘመኑ ያለፈ ቢሆንም በፍርሃታቸው ግን አቶ ይድነቃቸው አልተሳሳቱም። የራሳችን ብሔራዊ ቡድን ከ1982 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ እስከ 2013 ድረስ 31 ዓመት ጠብቋል። ካፍን ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ፣ በራሷ ቤት እንግዳ ሆና ከረመች።

ስለዚህ ለወላጆች አንድ ቃል አለን። ልጃችሁን አውሮፓ ወስጄ አጫውተዋለሁ እያለ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ደላላ ስትሰሙ፣ መሬት ከመሸጣችሁ በፊት ቆም በሉ። እውነተኛ ክለብ ልጁን አይቶ ይወስዳል እንጂ ከወላጅ ጥሪት አይቀበልም። በዚህ መንገድ የወጡ ስንት የአፍሪካ ልጆች በባዕድ ከተማ ጎዳና ላይ ቀርተዋል። ለከተማ ሹማምንትም አንድ ቃል አለን። ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ባዶ መሬት አይደለም። ለግንባታ የተመራ ሜዳ ተመልሶ ሜዳ አይሆንም። ለወጣቶችም እንዲሁ። ይድነቃቸው ተጫውተው ብቻ አልቀሩም፤ ተማሩ፣ ደንብ አነበቡ፣ ጻፉ፣ በዓለም ጉባኤ ቆመው ተከራከሩ። ጉልበት ሲደክም የሚቀረው ዕውቀት ነው።

እኛ በዐረብኛ ትምህርት ላይ ያደግን ሰዎች አንድ ነገር ይገርመናል። ዐረቦች ኳስ መረብ ሲነካ ሀደፍ ይላሉ፤ ሀደፍ ደግሞ ሰው የሚኖርለት ዓላማ ማለት ነው። የእኛም አማርኛ ሳይማከር ያንኑ አደረገ፤ ግብ ብሎ ሁለቱንም በአንድ ቃል ሰየመ። በሜዳ ላይ ብዙ ግብ ያገቡ ሰዎች አሉ፤ ግብ ያላቸው ግን ጥቂት ናቸው። አቶ ይድነቃቸው ሁለቱንም ያገኙ ሰው ነበሩ።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የዘር አገዛዙ ሲወድቅና ደቡብ አፍሪካ ከጥቁርና ከነጭ በተውጣጣ ቡድን ወደ ካፍ ስትመለስ አላዩም። ያ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1996 በጆሃንስበርግ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣም አልነበሩም። ዛፍ የሚተክል ሰው ሁሉ በጥላው አይቀመጥም። አደራውን ግን ሳያጎድሉ አስረክበው ሄደዋል።